የመተኮሻ ሰሌዳዎቹ፦ ከሚኒያፖሊስ የጉዞ ማስታወሻ

ከሴንት ፖል በባቡር ወደ ሚኒያፖሊስ የተጓዝነው የአፍሪካ አሜሪካዊውን ሠዓሊ የዊሊ ኮልን ኅትመቶች ለማየት ነበር። የከተማዋ የሥነ ጥበብ ተቋም መግቢያ አያስከፍልም፤ በመጋዘን የሚያኖራቸውን የወረቀት ሥራዎችም ቀጠሮ ለያዘ ሰው በጥናት ክፍሉ ያሳያል። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ፣ ወደ አሜሪካ ከመሻገሯ በፊት ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ናት።

ኮል እ.ኤ.አ. በ1955 ኒው ጀርሲ ውስጥ ተወልዶ ያደገው በኒዋርክ ከተማ ነው። አያቱና ቅድመ አያቱ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ስለነበሩ፣ ካውያ ሲበላሽባቸው እንዲጠግን የሚሰጡት ለእርሱ ነበር። በ1997 በሠራው «ስቶዌጅ» በተባለው ግዙፍ የእንጨት ኅትመት መካከል አንድ የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ ታትሟል፤ ዙሪያውን ደግሞ የ12 ካውያዎች ገጽ ይታያል። ሰሌዳው፣ የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች በ1780ዎቹ መጨረሻ ያሳተሙትን፣ 454 ሰዎች እንደ ዕቃ ተደርድረው የሚታዩበትን የ«ብሩክስ» መርከብ ንድፍ ሲያስታውስ፣ የካውያዎቹ መለያየት በመርከቡ የተጫኑትን ልዩ ልዩ የአፍሪካ ነገዶች ያመለክታል።

ለእኛ የተዘረጉልን ግን በ2012 በዚሁ ከተማ፣ ሌክ ጎዳና ላይ በሚገኘው የሃይፖይንት ኅትመት ማእከል የተሠሩት ናቸው። የብረት መተኮሻ ሰሌዳዎቹ ጨርቃቸው ተገፎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጠው ጠፍጣፋ ከሆኑ በኋላ፣ ቀለም ተቀብተው ከወረቀት ጋር በማተሚያ መኪና አልፈዋል። ከራቅ ሲያዩዋቸው እንደ መቃብር ድንጋይ ቆመው ይታያሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን ጭረቱና ጉብጠቱ ሁሉ ይነበባል። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብላ ካስተዋለች በኋላ፣ «ይኼ እኮ ጨርቁ ሲነሣ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የእንፋሎት ማለፊያ ናቸው» አለችኝ።

«ስቶዌጅ» ታላቅ ሥራ መሆኑን ባልክድም፣ መርከቡ አንዴ ከታየ በኋላ ሰሌዳው ራሱ ይረሳል። እነዚህን የማስበልጠው ዕቃው ሌላ ነገር እንዲመስል ስላልተገደደ፣ ያየውን ድካም በገዛ ገላው ስላተመው ነው።

በእያንዳንዱ ኅትመት ግርጌ የሴት ስም አለ፦ ሳቫና፣ ዶት፣ ፋኒ ሜ፣ ኩዊን፣ አና ሜ። የአባት ስም አልተጨመረበትም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነጭ አሠሪዎች ጥቁር የቤት ሠራተኛን፣ በዕድሜ እናታቸው ብትሆን እንኳ፣ ወይዘሮ ማለት ቀርቶባቸው በስሟ ብቻ ይጠሯት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአክስቴ ልጅ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ለኩዊን ብቻ «እትዬ» ጨመረችላት፤ ኮል ቢሰማት ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ተከታታዩ ከአምስቱ የሚበልጡ ኅትመቶች ስላሉት፣ ለቀሩት ሌላ ቀጠሮ አስይዘን ወጣን።