ከ68 ሜትር ርቀት ላይ የተጫወትኩት ኪቦርድ

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን የማስቀድመው፣ ከዚህ በታች የምተርከውን ስሕተት የሠራው ስለ ድምፅ ሞገድ በየዓመቱ ሰሌዳ የሚሞላ ሰው መሆኑ ከመነሻው እንዲታወቅ ብዬ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ሚዲ ኪቦርድ፣ ማለትም የራሱ ድምፅ የሌለው፣ በኮምፒውተር በኩል የሚጫወቱበት ኪቦርድ ገዝቼ ከላፕቶፔ ጋር ለማገናኘት ተነሣሁ። አብዛኛው ሥራ አንድ ከሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ አንዱ ጉዳይ ግን ሦስት ሳምንት፣ አንድ የአዲስ አበባ ምልልስና መልሼ የማላገኛቸውን ፋይሎች በላብኝ።

የገዛሁት ባለ 25 ቁልፍ ነው። ሻጩ ባለ 61 እንድወስድ ደጋግሞ ወትውቶኝ ነበር፤ እሺ ባለማለቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ቅኝቶቻችን በአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ውስጥ አምስት ድምፆችን ይጠቀማሉ፤ ትዝታን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባለ 25ቱ ሁለት ሙሉ ኦክታቭ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ወይም በታች መሄድ ሲያስፈልግ ደግሞ የኦክታቭ መቀየሪያው አለ። ክራር በ5 ወይም በ6 ጅማት የሚያደርሰውን ዜማ በዚህ ማድረስ ላቃተው ሰው 36 ቁልፍ ቢጨመርለት ምን እንደሚፈይድለት አይገባኝም።

ዩኤስቢውን ስሰካው ዊንዶውስ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ኪቦርዱን ዐወቀው። ሪፐር የተባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ አወረድኩ፤ ለ60 ቀናት በነጻ መሞከር ይፈቅዳል። በምርጫዎቹ ውስጥ የሚዲ መግቢያውን አበራሁ፣ አዲስ ትራክ ከፈትኩ፣ የትራኩን ቀይ የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ፣ የፒያኖ ፕለጊን፣ ማለትም የፒያኖ ድምፅ የሚያወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ አስገባሁበት። ቡናው ቶና ሳይደርስ ሁሉም አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ።

ቁልፉን ስጫን ድምፁ ይዘገያል። ዝግ ያለ ትዝታ ስጫወት ነገሩ ይቻል ነበር፤ ጣቴም ቀስ በቀስ ለምዶት ነበር። በ6/8 የሚሄደውን ችክችካ ስሞክር ግን ሁሉም ነገር ተበተነ። ምት የሚቆጥረውን መቁጠሪያ (ሜትሮኖም) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጌ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት በሦስት ሲከፈል ለአንዱ ክፍል የሚደርሰው 167 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። የቀዳሁትን በስክሪኑ ላይ ስመለከት እያንዳንዱ ኖታ ከመስመሩ በኋላ፣ የሚቀጥለውን ክፍል አልፎ ተቀምጧል። መቁጠሪያው አንድ ሲል የመታሁት ሁለትን ዘልሎ ተቀመጠ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት እጄን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ተለማመድኩ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ መልሱ ከፊቴ በስክሪኑ ላይ ተጽፎ መቆየቱ ነው፦ የኔ እጅ ቢሆን ኖሮ አንዱ ኖታ ይቀድም፣ ሌላው ይዘገይ ነበር፤ የእኔዎቹ ግን ሁሉም በእኩል መጠን ዘግይተዋል። የተዘበራረቀ ስሕተት የሰው ነው፣ ቋሚ ስሕተት የመሣሪያ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ በቤተ ሙከራ ሰዓት ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ!

ቀጥሎ ላፕቶፑን ጠረጠርኩ። አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ከፍቶ እንኳ ሳያይ ሜሞሪ አንሶታል አለና ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 አሳደገልኝ፤ ገንዘቡን ተቀበለ፣ መዘግየቱ ግን እዚያው ነበር። ተመልሼ ስነግረው ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ እንደ አዲስ ይጫን አለኝ። ዶክመንት የሚለውን ፎልደር ብቻ ወደ ፍላሽ ገልብጬ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን ረሳሁት፤ ለሁለተኛው መንፈቅ ያዘጋጀኋቸው የፈተና ጥያቄዎች በዚያው ጠፉ። ለዚህኛው ጠጋኙን ልወቅስ አልችልም፤ «የሚፈለግ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆኝ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ኪቦርዱን ጠረጠርኩና በሌሊት ተነሥቼ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ወሰድኩት። እዚህ ላይ ደግሞ ትንሽ ንባብ ከመንገዱ ያድነኝ ነበር። ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር የሚናገር መልእክት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የመጀመሪያው የሚዲ መስፈርት መሠረት፣ በአሮጌው ባለ ክብ መሰኪያ ገመድ እንኳ አንዱ መልእክት ለማለፍ የሚወስደው 1 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ያለው ዕቃ ድምፄን ይህን ያህል ሊያዘገይ እንደማይችል መገመት ነበረብኝ። ሻጩ ከራሱ ኮምፒውተርና ከገመድ ስፒከር ጋር አገናኘው፤ ቁልፉን ሲነካው ወዲያው ጮኸ። «ወንድሜ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ መታየት ያለበት ጣትህ ነው» አለኝና ደንበኞቹ ፊት ሳቀ። በመኪናው ወደ ሀዋሳ ስመለስ ከሻሸመኔ በፊት ልሸጠው ወስኜ ነበር።

ሚስጥሩን ያወቀው የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። በመዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ መጽሐፍ ሊመልስ ቤት መጥቶ ስታገል አየኝ። ትንሽ ቆሞ ተመለከተና፣ «ቲቸር፣ ይሄ ጆሮዎ ላይ ያደረጉት በብሉቱዝ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከኪሱ የስልኩን የገመድ ማዳመጫ አውጥቶ ሰካልኝ። ቁልፉን ስነካው መዘግየቱ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ መልሶ እስኪፈታ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። ለወሬና ለፊልም አይታወቅም፤ ፊልም ማሳያው ምስሉን አዘግይቶ ያስተካክለዋልና። የሰውን ጣት ግን የሚያዘገይለት የለም። ልጁ ከሄደ በኋላ ተቀምጬ አሰላሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በስክሪኑ ላይ የለካሁት መዘግየት 200 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከራሴ 68 ሜትር ርቄ ስጫወት ነበር ማለት ነው።

የቀረው መዘግየት የዊንዶውስ ነባር የድምፅ ድራይቨር ጥፋት ነው። ምክር ሰጪዎች ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ የውጭ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሣጥን) ግዙ ይላሉ፤ እኔ ግን ማይክሮፎን ለማይሰካ ጀማሪ አትግዙ እላለሁ። አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን በነጻ የሚገኝ ድራይቨር ጫንኩ፣ በሪፐር የድምፅ ምርጫ ውስጥ አሲዮን መረጥኩ፣ ከዚያ በፈሩን ዝቅ አደረግሁ። በፈር ማለት ኮምፒውተሩ ድምፁን ከመልቀቁ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል (ድምፁ በቁጥር ተለክቶ የተከፈለባቸው ጥቃቅን ናሙናዎች) ብዛት ነው። በሴኮንድ 44100 ሳምፕል ሲሠራ፣ 1024 ማለት 23 ሚሊሴኮንድ፣ 512 ማለት 12 ሚሊሴኮንድ ያህል፣ 128 ደግሞ 3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የመሣሪያው የራሱ ጥቂት መዘግየት ይጨመርበታል፤ ቢሆንም በ128 ስጫወት ድምፁ ከጣቴ ሥር የሚወጣ ይመስለኛል።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር፤ መመሪያዎቹ የተጻፉት መብራት በማይጠፋበት አገር ይመስለኛል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በ128 ላይ ድምፁ እንደ ጥብስ መንጫጫት ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ወደ 512 ከፍ አድርጌ ኖታ ማስተካከል የመሰለውን ሥራ እሠራለሁ፤ መቅዳቱን መብራት ሲመጣ። በኃይል ምርጫው ውስጥም ዩኤስቢን በራሱ የሚያስተኛውን ነገር አጠፋሁት።

ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ለማውጣት ደግሞ የድምፅ ማጠፊያውን መንኮራኩር መጠቀም አለብዎ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ፕለጊኖች እንደ ነባር ልማድ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ብቻ ያጥፋሉ። ፕለጊኑ ውስጥ ገብቼ ወደ አምስት አሳደግሁት። እስካሁን ማሲንቆ አልሆነልኝም፤ የሆነው ልክ እንደሚያለቅስ ቫዮሊን ነው፤ ግን ቢያንስ በሰዓቱ ያለቅሳል።

የጠፉትን የፈተና ጥያቄዎች እንደ አዲስ ጻፍኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ «አንድ ሰው በ68 ሜትር ርቀት ላይ የተመታ ከበሮን ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ይሰማል?» የሚል ነበር። ያ ልጅ ወረቀቱን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።