ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ጎርሶ

ሜሪላንድ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህርት ሆኜ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ የ7 ዓመት ልጅ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ ብዙም አይናገርም። ወላጆቹ ያገራችን ሰዎች ናቸው። የዓመቱን አይኢፒ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

አይኢፒ ለአንድ ልጅ ብቻ በልኩ የሚሰፋ የትምህርት ዕቅድ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ነው። ዓመታዊ ግቡ የሚለካ መሆን አለበት። ከግቡ በፊት ደግሞ ልጁ አሁን የት እንደደረሰ ይጻፋል። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚችው ላይ ነው።

ጊዜ አልነበረኝም። በሜሪላንድ ረቂቁ ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድሞ ወላጅ እጅ መግባት አለበት። የአምናውን ወረቀት ከፈትኩ። «የጣቶቹ ቅልጥፍና ደካማ ነው፤ ራሱን ችሎ አይመገብም» ይላል። ሁለት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አየሁት። እውነትም ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ይደፋበታል። እናም ጻፍኩ፦ «ከ5 ሙከራ በ4ቱ ሳይደፋ በማንኪያ ይመገባል።» ቁጥር አለው፣ ይለካል። እውነቱን ለመናገር ኮራ ብዬ ነበር።

ለወላጅ የሚላከው መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ ሄዷል። «ልጅዎ ምን ይችላል? ምን ያሳስብዎታል?» የሚል ነው። ከታች ተፈርሞበት ባዶውን ተመለሰ። አስተያየት የላቸውም ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

የስብሰባው ቀን አስተርጓሚው በስልክ ገባ። እኔ አማርኛ ብችልም የልጁ መምህርት ስለሆንኩ ማስተርጎሙ ሥራዬ አይደለም። ግቡን አነበብኩ። እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ቲቸር፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ቤት እኮ ራሱ ቆርሶ፣ ጠቅልሎ ነው የሚጎርሰው» አሉ።

አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ቤት ራሱ ይበላል» አለ። ሦስት ግስ ገብቶ አንድ ወጣ! ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ፣ ልጆች እንደ መብላትና መልበስ ያለውን የዕለት ሥራ ራሳቸው እንዲችሉ የምታግዘው ባለሙያ፣ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ወላጅ ሁሉ እንደዚህ ይላል፣ ዓይነት።

እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። እንጀራ በልቼ አድጌ፣ የልጁን እጅ በማንኪያ ብቻ የለካሁት እኔ ነኝ። አንድ ደቂቃ ስጡኝ አልኩና ጠረጴዛው ላይ በባዶ እጄ አሳየኋቸው። ጣቶች ቆንጥረው ይቆርሳሉ፣ ሽሮውን ይሰበስባሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ሳያንጠባጥቡ አፍ ያደርሳሉ። ቴራፒስቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «በአንድ እጅ?» «አዎ፣ በቀኙ።»

«ታዲያ ለምሳው ለምን እንጀራ አይቋጥሩለትም?» አልኳቸው።

«ልጆቹ እንዳይስቁበት ብዬ፣ ፓስታ ነው የማደርግለት።»

መጠይቁስ? «አስተማሪ እያለ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ግቡን ሳንጨርስ ሌላ ቀጠሮ ያዝን። በሳምንቱ እንጀራ በሽሮ ተቋጥሮ መጣ። እኔና ቴራፒስቷ ወረቀት ይዘን ጎኑ ተቀመጥን። 12 ጉርሻ ቆጠርን። 11ዱ ሳይንጠባጠብ አፉ ገባ። አስራ ሁለተኛዋን ወረወራት፤ ቃሪያ ነበረባት።

«አሁን የት ደረሰ» የሚለውን ክፍል ከሥሩ ጻፍነው። እኔ በወኔ የማንኪያውን ግብ ልሰርዝ ነበር። ቴራፒስቷ እንቢ አለች። እርጎም ሾርባም እኮ አለ። ልክ ነበረች። ግቡ ቀረ፤ ግን እጀታው ወፍራም በሆነ ማንኪያ፣ ጠጠር ካለ ምግብ እንዲጀመር ተስማማን። ሁለት እጁን አቀናጅቶ መሥራቱ ደግሞ በእንጀራ አይታይም። ለዚያ የጃኬት ዚፕ መዝጋትን ለብቻው ጻፍንለት።

መጠይቁን ዛሬም እልካለሁ፣ ግዴታ ነው። ግን ረቂቅ ከመጀመሬ በፊት እደውላለሁ። «ምን ይችላል?» ብዬ አልጠይቅም፤ ጥያቄው ራሱ ፈተና ይመስላል። «ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ምን ያደርጋል?» ነው የምለው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ያለች እናት 20 ደቂቃ ታወራለች።

እኚያን እናት በቀደም ደውዬላቸው ነበር። እንግዳ መጥቶ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን የሚያዞረው እሱ ነው አሉኝ። እስክሪብቶ ፈለግኩ።

«ለስንት ሰው?»