አናዳጅ ሰውና የጎረሰ ጠመንጃ

የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ የሚያናድድ ሰው፣ ሌላ ቦታ ከሚያናድድ ሰው በአንድ ነገር ይለያል። እጁ ላይ ጠመንጃ አለ። የኔም እጅ ላይ አለ።

ስለዚህ ንዴቱን እንደ ሌላው ቦታ መወጣት አይቻልም። መመናጨቅ፣ ማፍጠጥ፣ «ምን ታያለህ» መባባል እዚህ ቦታ የለውም። ደግሞ የተናደደ ሰው ዒላማ አይመታም። ትንፋሽ ይዛባል፣ እጅ ይጠብቃል፣ ምላጩን ቀስ አድርጎ መጫን ይቀርና መንጨቅ ይመጣል። አንድ አናዳጅ ጎረቤት ልምምዴን እንዳያበላሽብኝ ስል ቀስ በቀስ አንድ ልማድ አወጣሁ። ነገሩ ሲያበሳጨኝ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። ይሄ ነገር ሰው ሊገድል ይችላል ወይስ እኔን ብቻ ነው የሚያናድደው? የድምፄ ልክ፣ የማናግረው ሰው፣ ዝም የምልበትም ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከሚገድለው ልጀምር። ጀማሪ ሰው ምላጩን ይስባል፤ ጥይቱ ይከሽፋል። ግራ ይገባውና ሽጉጡን እንደያዘ ወደኋላ ዞሮ «ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» ይላል። አፈሙዙ ተርታውን የቆመውን ሰው ሁሉ እያዳረሰ ያልፋል። ጣቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ምላጩ ላይ ነው። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ እንዲያዩለት ብሎ ነው። ግን የከሸፈ ጥይት ሁሉ አብቅቶለታል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኮሳል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቆ መክፈት የተለመደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትህትና አያስፈልግም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ» እያልኩ ንግግሬን ሳልጨርስ አፈሙዙ እኔ ጋ ይደርሳል። ሁላችንም ጆሯችንን ሸፍነናል፤ ረጅም ንግግር የሚሰማ የለም። ስለዚህ ጮክ ብዬ «አፈሙዝ ወደፊት!» እላለሁ። በቃ። አንድ ጊዜ አባቴ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ላይ እንደዚሁ ጮኽኩባቸው። አንቱታው በኋላ ይደርሳል። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ስለጮኽኩብዎ አይቀየሙኝ» አልኳቸው። አልተቀየሙም። እንዲያውም ከእኔ በላይ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ።

የሚቀየመው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። «ጥይት የለውም እኮ!» የሚለው። የሚባርቀው ደግሞ ሁልጊዜ ይሄ ጥይት የለውም የተባለው ነው። አሜሪካዊው የተኩስ አሰልጣኝ ጄፍ ኩፐር ካስፋፏቸው አራት ደንቦች የመጀመሪያው ይህንኑ ይመለከታል። ማንኛውም መሣሪያ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጠራል። ቀጥሎ፣ እንዲመታ የማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝ አይዞርም። ሦስተኛ፣ ዒላማው ላይ እስክታነጣጥር ድረስ ጣት ከምላጭ ውጭ ይቆያል። አራተኛ፣ የምትተኩስበትን ነገርና ከጀርባው ያለውን አውቀህ ነው የምትተኩሰው። የደንቦቹ ጥሩነት እርስ በርስ መደጋገፋቸው ነው። አንዱ ቢጣስ እንኳ ሌላው ሰው ያተርፋል። «ጥይት የለውም» ባዩ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚጥሰው። ከእሱ ጋር አልከራከርም። መሣሪያ በእጁ ከያዘና ከተቆጣ ሰው ጋር ማን ትክክል እንደሆነ መነጋገር ትርፍ የለውም። የተኩስ ቦታውን ተቆጣጣሪ እጠራለሁ።

ሁለተኛው ገዳይ ነገር ድምፅ ስለሌለው ብዙ ሰው አያስተውለውም። «ተኩስ አቁም» ተብሎ ሰዎች ዒላማ ለመቀየር ወደፊት ሲሄዱ፣ ኋላ የቀረ አንድ ሰው ጠመንጃውን ያነሳል። መጥፎ ሐሳብ ኖሮት አይደለም። ማነጣጠሪያ መነጽሩን ሊያስተካክል ነው። አንተ ግን 100 ሜትር ላይ ወረቀት እየለጠፍክ ዞር ስትል፣ ጎንበስ ብሎ በመነጽር ወዳንተ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ታያለህ። ይህን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ ተረጋግቶ ወደፊት አይሄድም።

ደንቡ ግልጽ ነው። ተኩስ ሲቆም ጥይት ይወጣል፣ የጥይቱ ካዝና ይነቀላል፣ መሣሪያው ተከፍቶ ይቀመጣል፣ ሁሉም ከመስመሩ ወደኋላ ይላል፣ ማንም ምንም አይነካም። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሮች ላይ ደግሞ ጥይት መጉረሻው ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው የደህንነት ባንዲራ ይሰካል። ባዶ መሆኑን ከሩቅ ለማየት የሚረዳ ርካሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። እኔም ለልምምድ እጠቀምበታለሁ። አንዳንዴ የኔን አይቶ ጎረቤቴም የራሱን ያወጣል። ዝም ብሎ ማስተማር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ውጭ ያወጣሁት ልማድ ወደፊት ለመሄድ የመጨረሻው ሰው መሆን ነው። ሁሉም እጁን ከጠረጴዛው ላይ እስኪያነሳ ድረስ ቆሜ አያለሁ። «ቶሎ በል እንጂ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። አንድ ሰው መሣሪያ ከነካ «ተኩስ አቁም!» ብዬ እጮኻለሁ። ይህን ለማለት ተቆጣጣሪ መሆን አያስፈልግም፤ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ሊለው ይችላል፣ ሊለውም ይገባል።

አሁን ወደ አናዳጆቹ። የሁሉም አለቃ መካሪው ነው። ከኋላህ መጥቶ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ሦስት ጥይት እስክትተኩስ ይታገሳል። ከዚያ ይጀምራል። «ምላጩን እየነጨቅከው ነው።» «ትንፋሽህን ያዝ።» «እኔ ብሆን ይሄን ሽጉጥ አልገዛም ነበር።» ሄደህ የራሱን ዒላማ ብታይ ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ተኳሿ ሴት ከሆነች ደግሞ መካሪው ይበዛል። ከኔ በጣም አሳምራ የምትተኩስ ጓደኛ አለችኝ። እኔ በሰላም ስተኩስ፣ እሷ ጋ ሰው ሲመላለስ ይውላል።

መካሪውን ለማስቆም ያልሞከርኩት የለም። ዝም ማለት አይሠራም፤ አልሰማኝም ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ማስረዳትም አይሠራም። «አይ፣ እኔ እንዲህ የምይዘው ለዚህ ነው» ስትለው፣ ክርክር ጀመርክለት ማለት ነው። የሠራው ዘዴ የጓደኛዬ ነው። መሣሪያውን ታስቀምጣለች። ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውዬው ትዞራለች። ፈገግ ብላ «አመሰግናለሁ፣ አሰልጣኝ አለኝ» ትላለች። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ጆሮዋን ሸፍና ወደ ዒላማዋ ትመለሳለች። ንግግሩ ውስጥ መከራከሪያ የለም። ስድብም የለም። እኔ አሰልጣኝ ስለሌለኝ «አመሰግናለሁ፣ ዛሬ የያዝኩት ልምምድ አለ» እላለሁ። ያው ነው፣ ይሠራል።

የጆሮ መከላከያው በሁለት በኩል ይጠቅማል። የጠመንጃ ተኩስ ድምፅ ባብዛኛው ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ጣሪያ ባለው ቦታ ውስጥ የሚወተፈውንም ከላይ የሚደረበውንም አንድ ላይ ነው የማደርገው። ሁለቱን ማድረግ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚጨምረው ጥቂት ዴሲቤል ነው። ለመካሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። ውድድር ላይ እኮ ተኳሽ መስመር ላይ ሳለ ማናገር የሚችለው ዳኞችንና የተኩስ ተቆጣጣሪዎችን ብቻ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች መካሪውን በደንብ ያውቁት ነበር መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ብዬ እኔም መካሪ የምሆንበት አንድ ጊዜ አለ። ከጎኔ አንድ ሰው በፍጥነት እየተኮሰ ነበር። በመሃል አንዱ ተኩስ ድምፁ ቀነሰ። እንደ ሌሎቹ አልጮኸም፣ ፍስ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጥይቱ በቂ ባሩድ ሳይኖረው ቀርቶ እርሳሱ አፈሙዙ ሳይደርስ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ ደግሞ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። «አቁም! አትተኩስ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውዬው ፊቱን አጨማደደብኝ። ሌላ መካሪ መጣ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያውን አራግፎ ቀጭን ዘንግ ሲሰድበት፣ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊቱ አልተነጋገርንም።

ደንብ ሳይጥስ የሚያስቸግር ሰው ደግሞ አለ። ይሄኛውን የምፈታው እግሬን በማንቀሳቀስ ነው። አብዛኛው በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ቀለሃውን ወደ ቀኝ ነው የሚወረውረው። ስለዚህ በግራዬ ያለው ሰው ቀለሃ እኔ ላይ ይዘንባል። ትኩስ ነው። አንገትጌ ውስጥ የገባ እንደሆነ ሰው ያስጨፍራል፤ የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ መጨፈር ደግሞ ከቀለሃው ይብሳል። መፍትሔው አንገቱ የሚዘጋ ሸሚዝ፣ ጥላ ያለው ኮፍያ፣ ከተቻለም የግራ ጫፍ ላይ ያለውን ቦታ መያዝ ነው። ቀለሃ ከገባብኝም መጀመሪያ መሣሪያው ይቀመጣል፣ ከዚያ እጨፍራለሁ።

አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚገጠም ምት መቀነሻ፣ ማለትም መሣሪያው ሲተኮስ ትከሻን ወደኋላ የሚመታበትን ኃይል የሚቀንስ ዕቃ፣ ያለው ሰውም እንዲሁ ነው። ጋዙን ወደ ጎን ስለሚመልሰው የሱ ትከሻ ያረፈውን ያህል የጎረቤቱ ፊት ይመታል። ሰውዬው መብቱ ነው። ቦታ ቀይሬ ሁለት መደብ ራቅ ማለት የኔ ፋንታ ነው። ባዶ ቦታ ከሌለ ግን ጠይቄ የተከለከልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ጫፉ ላይ ብትሆን ለሁላችንም ይመቸን ነበር» ማለት ይበቃል።

ዒላማዬ ላይ የሚተኩሱብኝም አሉ። አምስት ተኩሼ ሰባት ቀዳዳ ሳገኝ ጎበዝ ሆንኩ አልልም። በውድድር ደንብ የሌላ ሰው ጥይት ዒላማህ ላይ ካረፈና የትኛው ያንተ እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ከፍተኛው ነጥብ ላንተ ይያዛል። እኔም ልምምድ ላይ ጥሩዎቹን ለራሴ እወስዳለሁ። ለጎረቤቴ «የኔን እየመታህ ነው» ከማለት ይልቅ «የቦታ ቁጥርህ ስንት ነው?» እለዋለሁ። ቀና ብሎ ያያል፣ ይስቃል፣ ያስተካክላል። ብዙውን ጊዜ ሰውዬው የራሱን አልመታም ብሎ ሲጨነቅ የቆየ ነው።

አንድ ነገር ግን በአናዳጅና በገዳይ መሃል ያለ ስለሆነ እስካሁን ያስቸግረኛል። ተኩሶ የማያውቅ ወዳጁን አምጥቶ፣ ከሁሉ ኃይለኛውን መሣሪያ አስይዞ፣ ምቱ ሲወረውረው በስልክ ለመቅረጽ የሚዘጋጅ ሰው። ሽጉጥ ከሆነ ምቱ እጁን ወደላይ ይወስደዋል፤ የደነገጠ ጣት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ምላጩን ሊስብ ይችላል። ያኔ አፈሙዙ የት እንደሚያይ ማንም አያውቅም። እዚህ ላይ መጮህ አልወድም፤ ጀማሪውን የባሰ ያስደነግጠዋል። መሣሪያው እስኪቀመጥ ጠብቄ ያመጣውን ሰው ብቻ ለየት አድርጌ አነጋግረዋለሁ። «ለመጀመሪያው አንድ ጥይት ብቻ አጉርስለት» እለዋለሁ። ጓደኞቹ ፊት ብነግረው እልህ ይይዘዋል። ለብቻው ሲሆን ግን ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ አድርጎ ይመለሳል። ይሁን፣ ዋናው አንድ ጥይት መሆኑ ነው። እምቢ ካለ ለተቆጣጣሪው እናገራለሁ።

መስመሩ ላይ የሚበላ ሰው አለ። ተኩሱ የእርሳስ ብናኝ ስለሚተው እጅ ሳይታጠቡ አፍ መንካት ጥሩ አይደለም። አንዴ እነግረዋለሁ፣ ካልሰማ ሆዱ የራሱ ነው።

ለተቆጣጣሪ ስናገር የተማርኩት ነገር ቅሬታን ከንዴት ማጽዳት ነው። «እዚያ ያለው ሰውዬ ያበሳጫል» ብትለው ምንም ሊያደርግ አይችልም። «ቁጥር 4 ላይ ያለው ሰው ካዝና ሲቀይር አፈሙዙን ወደ ግራ እያዞረ ነው» ካልከው ሄዶ ራሱ ያያል። ስሜን እንዳይጠራም እጠይቃለሁ። አብዛኛው ይህን ሳልለውም ያውቃል።

ተቆጣጣሪው ራሱ የአጥፊዎቹ ጓደኛ ሆኖ ያገኘሁበት ቀንም ነበር። አብረው ይስቁ ነበር። ያኔ ጥይቴን አውጥቼ፣ መሣሪያዬን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ፣ የከፈልኩትን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ገንዘቡ አላሳዘነኝም። እዚያ ቦታ ተመልሼ አልሄድኩም፤ አሁን የምለማመድበት ሌላ ቦታ ነው። የምሄደውም ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን ጠዋት ነው። ጎረምሳው ከነስልኩ ተኝቷል፣ መስመሩ ጸጥ ያለ ነው፣ የግራው ጫፍ ባዶ ነው። መካሪው ግን ጠዋትም ይመጣል።