ምስል ያልተገኘለት ሞት፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና የሚመጣ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማበርን ዋሻ ይሻገርና ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያለ ኮምቦልቻ ይገባል። በአውሮፕላን የመጣም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። የቀረው ወደ ደሴ የሚያወጣው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከተመላለሱ ሹፌሮች አጣርቶ መነሳት ይበጃል። እኛን ወደዚያ የወሰደን አንድ ጥያቄ ነው፦ ፊልም ሠሪ ስለ ፖለቲካ ግድያ ኤግዚቢሽን ቢያቆም፣ ደሴ ላይ ምን ሊያሳይ ይችላል? የምናስበው ሞት የልጅ ኢያሱ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከእስራኤላዊው ፊልም ሠሪ ከአሞስ ጊታይ ሥራ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ጥቅምት 24 ቀን 1988 ቴል አቪቭ ውስጥ ከሰላም ሰልፍ ሲወጡ ይጋል አሚር በተባለ የሕግ ተማሪ ከጀርባቸው ተተኩሶባቸው ተገደሉ። ጊታይ በእ.ኤ.አ. 2015 ይህን ግድያ ፊልም አደረገው፤ ቀጥሎም ያንኑ ጉዳይ በመድረክና በሙዚየም አዳራሾች ውስጥ ደጋግሞ አነሳው። መጀመሪያ የተማረው አርክቴክቸር ስለሆነ ግድግዳንና ርቀትን እንደ ካሜራ ይጠቀምባቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን በእጁ ማስረጃ ነበረው፤ አንድ አማተር የቀረጸው የግድያው ቪዲዮ አለ፣ በራቢን ኪስ የነበረው በደም የራሰ የመዝሙር ወረቀት አለ፣ በዳኛ ሜየር ሻምጋር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የሰማው የምስክርነት ቃል አለ። ኮሚሽኑ የመረመረው የጥበቃውን ጉድለት ነው፤ ከግድያው በፊት የነበረው የጥላቻ ቅስቀሳ ከሥልጣኑ ውጭ ሆኖ ቀረ። የጊታይ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

በደሴ የተጠራቀመው የዚህ ተቃራኒ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው በግንቦት 1906 ዘውድ የደፉት እዚሁ ነው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩ ጥቅምት 17 ቀን የአባታቸው ጦር ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። ኢያሱ በ1913 ተያዙ፣ ፍቼ ታሰሩ፣ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙ፣ ሐረርጌ ውስጥ ወዳለው ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ ኅዳር 1928 ሞቱ ተባለ። ተገደሉ የሚል አለ፣ በሕመም ሞቱ የሚል አለ፣ መቃብራቸው የት እንደሆነም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አሁን ወሩን ልብ በሉ። በዚያው ኅዳር፣ በ26ኛው ቀን፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎችም እንዲሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመትረየስ ጀርባ ሆነው የተነሱት ዝነኛ ፎቶ የዚያን ቀን የደሴ ፎቶ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ለአንዱ ዓለምን የዞረ ምስል ሰጠ፣ ለሌላው አንድም ምስል አልተወም። ደሴ ላይ ለሚሠራ ፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ መነሻ አናውቅም። በአንዱ ግድግዳ የኅዳር 1928 የደሴ ፎቶዎች ይሰቀሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ያለ ሥዕል ይቀመጥና ከእሱ ድምፅ ብቻ ይምጣ።

ጊታይ በፊልሙ የኮሚሽኑን ችሎት በተዋንያን አስጫውቶታል። እዚህ ያ መደረግ የለበትም ብለን አጥብቀን እናምናለን። እዚያ ተዋናዩ የሚናገረው በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ቃል ነው። እዚህ ቃለ ጉባኤ የለም፤ አንድ ተዋናይ ጋራ ሙለታ ላይ ሲሞት ብናሳይ ያ ትዕይንት ማስረጃ መስሎ ይቀራል፣ የተመልካቹ ልጅም ነገ «አይቼዋለሁ» ይላል።

ቦታውን በተመለከተ ሁለት ቤቶችን ማየት የግድ ነው። አንዱ ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ሁለተኛው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ሲሆን፣ በ2014 በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። ለመቅረጽ የሚሄድ ሰው ከከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ አስቀድሞ ይያዝ፤ ደብዳቤው ላይ የካሜራውና የትራይፖዱ ዓይነት፣ የሰዎቹ ብዛትና ቀኑ ቢጻፍ በር ላይ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የመሣሪያው ነገር ዘርዘር ማለት አለበት፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሲሳሳ ፕሮጀክተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ የሚከፈት የከፍታ ቦታ ማስተካከያ አላቸው። እሱን ሳይከፍቱ ቢያሠሩት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሞቆ ራሱን ያጠፋል፣ የመብራቱም ዕድሜ ያጥራል። ሲከፈት ደግሞ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ድምፅ ብቻ በሚሰማበት ክፍል ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። መፍትሔው ፕሮጀክተሩን ከኋላና ከጎን አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ከድምፁ ግድግዳ ማራቅ ነው። የርቀቱና የምስሉ ስፋት ጥምርታ 1.5 የሆነ ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ላለው ምስል 3 ሜትር ርቀት ይፈልጋል፤ ከሰው ቁመት በላይ ካልተሰቀለ የተመልካች ጥላ ምስሉ ላይ ይወድቃል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ማጫወቻዎቹ እኩል አይነሱም፤ አንዱ ቀድሞ ይጀምርና ሁለቱ ግድግዳዎች ይለያያሉ። ሁለቱንም ከአንድ ማጫወቻ ማሠራት፣ ካልሆነም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ አድርጎ መብራት ሲመጣ በራሳቸው ከመጀመሪያው እንዲነሱ ማዘጋጀት ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሽማግሌ ድምፅ አይሰማም፤ ጽሑፉ አብሮ ግድግዳው ላይ እንዲነበብ ካልተደረገ ክረምቱን ሙሉ ክፍሉ ዲዳ ነው። የቆዩ ፎቶዎች ኦሪጅናል ከሆኑ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፤ ቅጂ ከተሰቀለ ይህ ጭንቀት የለም፣ ቅጂ መሆኑ ግን ይጻፍ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የሚወርድ ካሜራ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ቦርሳው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

አሁን ወደ ድምፁ። ኅዳር 1928ን እንደ ትልቅ ሰው ያየ የለም፤ ያለው የሰማ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት «አባባ፣ ይህን ከማን ሰሙት?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ከታሪኩ ጋር አብሮ ይቀረጽ። «ከአያቴ»፣ «ከመስጊድ ሽማግሌዎች»፣ «ሲባል ሰምቼ» የሚሉት ሦስቱ እኩል ክብደት የላቸውምና በኤግዚቢሽኑ ላይ ከእያንዳንዱ ድምፅ በታች ይጻፉ። ሁለት ሽማግሌዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ መቅረጽ ጥሩ አይደለም፤ በአክብሮት አንዱ የሌላውን ይቀበላል፣ ልዩነቱ ይጠፋል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ልዩነቱን ነው።

ወሎ ውስጥ ያለ ቡና ወሬ አይጀመርም፣ መጀመርም የለበትም። ቀረጻው ግን አቦሉ ተጠጥቶ ሲኒው እስኪሰበሰብ ይቆይ፤ የረከቦት ጩኸት ከንግግር ውስጥ በኋላ አይወጣም። የደረት ማይክ ጋቢ ስር ከገባ ይፋጫል፤ ከጋቢው ጠርዝ ውጭ ይሰካ። የሶላትና የቅዳሴ ሰዓት ተጠይቆ ቀጠሮ ይያዝ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ። ፈቃዳቸውን በድምፅ ይስጡ፦ ለሙዚየም ይሁን? ፊታቸው ይታይ? ስማቸው ይጠራ? ሲያበቁም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ መቅረጽ አይረሳ፤ አርትዖት ላይ ቃልና ቃልን የሚያገናኘው እሱ ነው።

ከሙዚየሙ የተዘረፈውን በተመለከተ፣ ባዶውን መደርደሪያ በሌላ ዕቃ መሙላት ስህተት ነው እንላለን። በመዝገብ ላይ የተጻፈው የዕቃው ስም፣ ቁጥርና ልኬት በባዶው ቦታ ይለጠፍ። የጠፋ ዕቃና የጠፋ መቃብር በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ሲታዩ ተመልካቹ ራሱ ይጠይቃል።

የተቀረጸው ነገር በሁለት ዲስክ ይገልበጥ፤ አንዱ ሙዚየሙ ጋ ይቅር። የእያንዳንዱ ተናጋሪ ቃል ደግሞ ሳይቆረጥ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ በስልክ በሚከፈት ፋይል ቢሆን ይመረጣል፤ በኤግዚቢሽኑ የተቆረጠውን ካልተቆረጠው ጋር አስተያይተው ማረም እንዲችሉ።