«ግንዱን ማን ይፈለፍላል?»

ሰው አገር ያለ ቤተሰብ «ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበረሰብ ዎርክሾፕ ታንኳ እየሠራን ነው» ባለ ቁጥር ከወዳጅ ዘመድ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ግንድ የለም። ያለው 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ፣ የመዳብ ሽቦና ኢፖክሲ የሚባል ኮላ ነው። «በኮላ የተያዘ ነገር ላይ ልጆቻችሁን ልትጭኑ ነው?» ይከተላል። አዎ፣ ኮላው በልኩ ከተደባለቀ። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያች «ከ» ላይ ነው።

እንጨቱ ብዙ አያስቸግርም። አንድ ኮምፔንሳቶ 2.44 ሜትር ስለሆነ፣ 4.5 ሜትር ለሚሆን ታንኳ ሁለት ይቀጠላል። የሚገናኙት ሁለት ጫፎች በመላጊያ ሰያፍ ሆነው ይሳላሉ፤ የተሳለው ክፍል ስፋት የውፍረቱ 8 እጥፍ፣ ለ4 ሚሊ ሜትር 32 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የታንኳው ጎንና ታች ጠርዝ ለጠርዝ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በትራፓኖ ይበሳና በሽቦ ይሰፋል። በፒንሳ መጠምዘዙን ልጆች ይወዱታል፤ ግን መጀመሪያ ሁሉም ላላ ተደርጎ ይያዝ፣ አንዱን ብቻ ካጠበቁት ቀዳዳው ይቀደዳል። ተሰፍቶ ሲያልቅ ፊትና ኋላ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች አጋድሞ ከጫፍ ሆኖ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ነው። ጣውላዎቹ ካልተመሳሰሉ ታንኳው ተጠማዟል፤ ሳይስተካከል የኢፖክሲ ቆርቆሮ እንዳይከፈት። ኮላ የያዘውን ጠማማ የሚያቃና የለም።

አሁን ወደ ጉዳችን። ኢፖክሲ የሁለት ፈሳሾች ድብልቅ ነው፦ ዋናው ሬዚን፣ ሌላው ማድረቂያ፤ ልኩ እንደ አምራቹ 2 ለ 1 ወይም 5 ለ 1 ይሆናል። እኛ ዓይናችን ሚዛን የሆነ ሕዝብ ነን፤ «ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያውን ጨመር አድርጊበት» የሚል አዋቂም አይጠፋም። አዋቂው ፖሊስተር የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሬዚን የለመደ ነው። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ የሚገባ ቀስቃሽ ስለሆነ ሲጨመር ያፈጥናል። ኢፖክሲ ላይ ግን ማድረቂያው ከሬዚኑ ጋር በልኩ የሚጋባ ነው፤ የበዛው ወገን አጣማሪ አጥቶ እንደ ሙጫ ሲያጣብቅ ይኖራል። በሳምንቱ ሌላው ቤተሰብ ታንኳውን ገልብጦ ሲያለሰልስ፣ አንዱ ቤተሰብ እስከ ሕፃኑ ድረስ ቆሞ ማስቲካ ሲፍቅ ይውላል። ፈረንጁም በትሕትና ቀረብ ብሎ «ቀለሙ ደስ ይላል» ይላል። ከስድብ የሚብሰው ይኼ ነው።

ፈረንጁም ቢሆን ከጉድ አያመልጥም። እስከ ግራም የሚለካ ሚዛን ይዞ ይመጣና በይዘት 2 ለ 1 የተባለውን በክብደት 2 ለ 1 ያደርገዋል። ማድረቂያው ከሬዚኑ ስለሚቀል ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሚዛኑ ትክክል፣ ድብልቁ ስሕተት። መስመር ያለው ግልጽ ኩባያ ይሻላል። ከዚያ ጎኑንና ታቹን እየፋቁ 2 ደቂቃ ሙሉ ማማሰል፤ ኩባያው ጥግ የቀረ ሬዚን ታንኳው ላይ እርጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ተደባልቆ ኩባያ ውስጥ የተተወ ራሱን በራሱ አግሎ ይጨሳል፤ ወዲያው ሰፊ ዝርግ ዕቃ ላይ ማፍሰስ ነው።

የውስጡ ማዕዘን በኢፖክሲና በእንጨት ዱቄት ይሞላል። ሰጋቱራ አይሆንም፣ ሸካራ ነው። ቀጥ ባለ ነገር ላይ ተለጥፎ የማይወርድ ሲሆን ደርሷል፤ በማንኪያ ጀርባ ይዳመጣል። ላዩ ላይ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ጨርቅ ይነጠፋል። ይኼ ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ይሁን፤ በሚሞቅበት ሰዓት እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ጨርቁን በአረፋ ይሞላዋል። ጨርቁ የጠጣው ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ሰም ሰም የሚል ነገር ሊያወጣ ይችላል። ከብርጭቆ ወረቀት በፊት በውኃ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ቬርኒሹ አይይዝም። ቬርኒሹ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም።

ወደዚህ ለመምጣት ለምታስቡ፣ በተለይ እጃችሁ ለአናጢነት የሚመች፦ ጀልባና ፋይበርግላስ ሥራ ልታገኙ ትችላላችሁ። የመጀመሪያ ቀን «ጓንት ምን ያደርጋል» እንዳትሉ። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ላይ እየተደጋገመ ሲያርፍ ሰውነት ይቆጣል፤ አንዴ ከተቆጣ ትንሽ ጠብታም ያሳብጣል፣ ሥራው ያኔ አበቃ። በአሴቶን እጅ መታጠብ ደግሞ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሳሙና ይበቃል። ከማለስለሻ ማሽን የሚወጣው ብናኝም ያለ ማስክ አይቻልም፤ ልጆች ያን ሰዓት ውጭ ይጫወቱ።

በታንኳው የላይኛ ጠርዝ ዙሪያ የሚሄደውን የእንጨት ዘንግ ለመለጠፍ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ሞርሳ ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም ጎን 60 ያህል። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ቀን ከፈለገው አይበቃም፣ ቀን ተቀያየሩ።

ሐይቅ ከመውሰዳችሁ በፊት ታንኳውን ሁለት መቀመጫ ላይ አስቀምጡና ውስጡን ጣት ከፍታ ያህል ውኃ ሙሉት። ከታች የሚያንጠባጥብ ካለ፣ ሽቦው ሲወጣ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ነው፤ በእርሳስ ክበቡት።