ከቦሎቄው ይልቅ የላብራቶሪው ወረቀት አደከመኝ

ይህን የምጽፈው ኮሌስትሮል አለባችሁ ተብላችሁ፣ «ጥራጥሬ አብዙ» የሚል ምክር ይዛችሁ ለወጣችሁ ነው። ምክሩ ልክ ነው። ግን እንዴት እንደሚበላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለውጡ እንዴት እንደሚለካ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእኔ ኤልዲኤል፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ በዴሲሊትር ደም 158 ሚሊግራም ነበር። ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ ይባላል፤ እኔ ደፉ ላይ ነበርኩ። ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ሦስት ወር በምግብ እንድሞክር ተስማማች።

ቦሎቄን የመረጥኩት አንብቤ ነው። ከስታርቹ ከፊሉ ትንሹ አንጀት ውስጥ አይፈጭም። እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከሚወጡት አሲዶች አንዱ፣ ፕሮፒዮኔት፣ ጉበት የሚሠራውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል ይባላል። ይህ በእንስሳት ላይ የታየ ነው፤ በሰው ላይ ገና ያከራክራል። ይበልጥ የታመነው የሚሟሟው ፋይበር ሥራ ነው። ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም ሌላ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል።

ስንት ይቀንሳል? በ1984 ኬንታኪ ውስጥ ጄምስ አንደርሰንና ባልደረቦቹ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ወንዶችን ቦሎቄ ሲያበሉ ኤልዲኤል ከ20 በመቶ በላይ ወርዶላቸዋል። በ2014 የወጣ፣ 26 ጥናቶችን የደመረ ትንተና ግን በቀን 130 ግራም ያህል ጥራጥሬ የሚቀንሰው 5 በመቶ ገደማ ነው ይላል። እኔ የጠበቅሁት ሁለተኛውን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል፣ ፍሪጅ ያድራል። ሲቀዘቅዝ ከላላው ስታርች የተወሰነው መልሶ ይጠነክራል፤ በኋላ ቢሞቅም ሁሉም አይላላም፤ ስለዚህ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ጠዋት በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ነው። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ ሳይበስል ከተበላ ክፉኛ ያስመልሳል። «ሽሮስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሽሮ ጥሩ ነው፤ ግን ዱቄት ነው። ስታርቹን ከልሎ የሚያቆየው የሙሉው ፍሬ ግድግዳ በወፍጮ ቀርቷል። እኔ ንፍሮ ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ዐቢይ ጾም ላይ አትጀምሩ። ሥጋና ቅቤ የቀረበትን ለውጥ ለቦሎቄው ትሰጡታላችሁ። እኔ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጀመርኩ፤ ሌላውን ምግቤን አልነካሁም።

አሁን ወደ መልሶ ምርመራው። መጀመሪያ የተመረመርኩበት ክሊኒክ በባዶ ሆዴ ሄድኩ። ደሜ ተወሰደ። ውጤት ልቀበል ስመለስ ያለው ጠቅላላ ኮሌስትሮል ብቻ ነው።

«ኤልዲኤሉስ?»

«የኤችዲኤል ሪኤጀንት አልቋል» አለኝ ልጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ኤችዲኤል ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ነው፤ ሪኤጀንት ደግሞ የሚለካበት ኬሚካል።

«ታዲያ ክንዴን ከመውጋታችሁ በፊት አትነግሩኝም?»

«ጠቅላላው ይበቃል እኮ። ሁሉም እሱን ነው የሚያየው።»

አይበቃም! ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም፤ ያሰላል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይዱን፣ የሌላው የደም ስብ፣ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ኤችዲኤል ከሌለ ስሌት የለም። ብሬን መልሱ ብል «ሲስተሙ አይመልስም» ተባልኩ።

ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ወረቀቱ «ኤልዲኤል 3.8» ይላል። መለኪያ አልተጻፈበትም። ከጎኑ «ኖርማል፦ ከ100 በታች» የሚል ታትሟል። እንግዳ ተቀባይዋ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ከ158 ወደ 3.8 እንኳን ቦሎቄ፣ ጠበልም አያወርድም። ሚሊግራም ነው ሚሊሞል ብዬ ጠየቅሁ። «ማሽኑ ነው ያወጣው» አለችኝ። ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ፤ ምሳ ወጥቷል። ጠበቅሁት። መጥቶ ወረቀቱን አገላበጠና «ሐኪምህ ታውቀዋለች» አለ። አልሄድም አልኩ። ተነጫንጮ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተመለሰ፣ በእስክሪብቶ «ሚሊሞል» ብሎ ጻፈበት። «ከ100 በታች» የሚለውን እንዳለ ተወው።

ሚሊሞል ከሆነ ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ38.67 ይባዛል፤ 147 ይመጣል። የ7 በመቶ ቅናሽ መሆኑ ነው። ደስ ይል ነበር፤ ግን ሁለት ላብራቶሪዎች ብቻቸውን በዚያ መጠን ሊለያዩ ይችላሉ። የሪኤጀንቱ ጣጣ ንጽጽሬን በላው። ክሊኒኩ ሪኤጀንት ሲያስገባ ተመልሼ በራሴ ገንዘብ አስደገምኩ፤ 149። በዚህኛው ኮርቻለሁ፤ ሐኪሟም መድኃኒቱን ለጊዜው አቆየችልኝ።

ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቤት ተመርመሩ። ክንዳችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት «ዛሬ የኤችዲኤል ሪኤጀንት አለ?» በሉ። የአውሮፓ ባለሙያዎች ከ2016 ወዲህ ለዚህ ምርመራ መጾም ብዙም አያስፈልግም ይላሉ፤ እኛም ጋ እንዲያ የሚሉ አሉ። እኔ ግን እጾማለሁ። ቁርስ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል፤ በስሌት የሚወጣው ኤልዲኤል ደግሞ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ በቦሎቄ ተማምናችሁ እንዳታቆሙ፤ መድኃኒቱ የሚያወርደው ከዚህ በብዙ እጥፍ ነው።