«ጠመንጃ ይዘው ነበር?»

ለአያቴ የአርበኛ መታወቂያ ለማስወጣት አንድ ዓመት ከአራት ወር ተመላልሻለሁ። ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነበር፤ እሷም ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። እኔ የሳምንት ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ በሄድንበት ቢሮ አንድ ሰውዬ ፎርም ዘርግቶ ጠየቃት። «እማማ፣ ጠመንጃ ይዘው ነበር?»

«አይ፣ ልጄ።»

«በየትኛው አለቃ ስር ነበሩ?»

«እኔማ ቤቴ ነበርኩ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደነ። «የባለቤትዎ ማስረጃ ካለ በእሳቸው ስም ይምጡ» ብሎ ሸኘን።

ጥፋቱ የኔም ነበር። ቁጭ ብዬ ሳልጠይቃት ነው ይዣት የሄድኩት። የዚያን ዕለት ማታ ካሴት መቅጃ ገዛሁና ጥያቄውን ቀየርኩት። ስለ ጦርነት መጠየቁን ትቼ «ገበያ ስትወርጂ ምን ይዘሽ ትሄጂ ነበር?» አልኳት።

«ቅቤ» አለች። ከቡልጋ ደብረ ብርሃን ድረስ። ጣሊያን እዚያ ሰፍሯል። ቅቤዋን ሸጣ ከሰፈሩ ወታደሮች ሚስቶች ጥይት ትገዛለች። ጥይቱን ከቅሉ ግርጌ ታደርግና ከላይ ቅቤ ትደፍንበታለች፤ ያልተሸጠ እንዲመስል። ኬላው ላይ ያለው ባንዳ በሽቦ እየወጋ ይፈትሻል። አንድ ቀን ሽቦው ጥይቱን ነክቶ «ቋ» አለ። «ምንድን ነው?» ሲላት «ቅሉን የማጥብበት ጠጠር ነው፣ ረስቼው ነው» አለችው። እጁን ሊከት ሲል ቅቤው እጅጌውን እንዳያበላሽበት ተወው። ይህን ስታወራኝ መዳፏን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ነበር፣ ቅቤው አሁንም ያለ ይመስል። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄም አርበኝነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ፣ ነው። ስሙም አለው፤ ጠላት በያዘው ቦታ ተቀምጦ አርበኞችን በስውር የሚረዳ ሰው የውስጥ አርበኛ ይባላል። ሸዋረገድ ገድሌ አርበኞችን በመረጃና በስንቅ ስትረዳ ተይዛ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስዳ ታስራለች። ጦር የመሩም ሴቶች ነበሩ፤ ከበደች ስዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ሲገደሉ ጦሩን እሷ ይዛ ቀጠለች። የእነሱን ስም የሚያውቅ አይጠፋም። ቅቤ ሻጯን ግን ማን ያውቃታል? ከድል በኋላ ለአርበኞች የጋሻ መሬት ሲሰጥ በኛ ቤት የተጻፈው የባሏ ስም ብቻ ነው። እሱ የተኮሰው ጥይት በእሷ ቅል የመጣ ነው! ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሦስት ምስክር አምጡ ተባልን። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ሄጄ፣ ጎፈር ያጠለቁና ሜዳልያ የደረደሩ የቡልጋ አባቶችን አፈላለግሁ። «አያቴን ያውቋታል?» ስላቸው አያውቋትም። «ጥይት ከየት ታገኙ ነበር?» ስላቸው ግን አንዱ አዛውንት ፊታቸው ተለወጠ። «ቅቤ ሻጯ! አለች እንዴ?» አሉኝ። እንደኔ የእናት የአያታችሁን ታሪክ የምታፈላልጉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ወንዶቹን ማን ስንቅ እንዳቀበላቸው፣ ማን ቁስላቸውን እንዳጠበ ጠይቋቸው። ሴቶቹ የሚገኙት እዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ የበላብኝ የስም ነገር ነው። ምስክሮቹ የሚያውቋት «የእገሌ ሚስት» ብለው ነው፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ደግሞ የአባቷ ስም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ብቻ አምስት ወር ፈጀ። ከመጀመሪያው የመጠሪያ ስሟን፣ የክርስትና ስሟን፣ የአባቷንና የባሏን ስም አንድ ላይ አጽፌ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

መታወቂያው መጣ። የወር ድጎማው አብሮ ይመጣል ብለን ነበር፤ ለሱ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ወረፋ ነው ተባልን። እሱን ሳናስጨርስ አያቴ አረፈች።

ከማረፏ ሁለት ወር በፊት ግን አብራት ገበያ ትወርድ የነበረች ጓደኛዋን ከቡልጋ አስመጣች። አያቴ ለእሷ ምስክር ልትሆንላት። ያው ቢሮ፣ ያው ሰውዬ ነው። ጓደኛዋን «እማማ፣ ጠመንጃ ይዘው ነበር?» አላቸው። ሴትዮዋ አቀረቀሩ። አያቴ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጥይቱን በል ጠይቃት» አለችው።